ኮንትሮል ዜድ ምን ያህል ይመልሳል? የሰነድ መጻፊያ ከመምረጣችሁ በፊት

የመጻፊያ ፕሮግራም ስንመርጥ ዋጋውን እናያለን። ፎንቱን እናያለን። ሲታተም እንዴት እንደሚወጣም እናያለን። ብዙ ጊዜ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የጫነውን ወይም ጓደኛ የሚጠቀምበትን ዝም ብለን እንወስዳለን። ኮንትሮል ዜድ፣ የሠራነውን ወደኋላ የሚመልሰው (የሚቀለብሰው) የቁልፍ ትእዛዝ፣ ሲጫን ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ይመስለናል።

አንድ ዓይነት አይደለም። ማይክሮሶፍት ወርድ፣ ጉግል ዶክስ፣ ሊብሬኦፊስ ራይተር፣ እንዲሁም ፕሮግራመሮች የሚያዘወትሯቸው የጽሑፍ መጻፊያዎች ኢማክስ እና ቪም፣ ሁሉም የሠራነውን ይቀለብሳሉ። በአንዴ ምን ያህሉን እንደሚቀለብሱ፣ የቀለበስነው የት እንደሚሄድ፣ የማንን ሥራ እንደሚነኩ፣ ፋይሉ ሲዘጋ ምን እንደሚቀር ግን ይለያያሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ትርጉም፣ ማመልከቻ ወይም ረጅም ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ከብዙ ጭንቀት ይድናል።

የእኔ መለኪያ አንድ ነው። ሰው የጻፈው ነገር፣ ራሱ አውቆ ካልጣለው በቀር፣ መጥፋት የለበትም። ቀልብሶት የነበረ ነገርም ቢሆን። ፕሮግራሞቹን የማወዳድረው በዚህ ነው።

የእርምጃው ብዛት

ይህን ቶሎ እንለፈው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) እ.ኤ.አ. በ1974 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል የተሠራው ብራቮ የመጨረሻውን ትእዛዝ መቀልበስ ይችል ነበር። አፕል በ1984 ማኪንቶሽን ሲያወጣም የሚመለሰው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። ኤክሴል እስከ 2003 እትሙ 16 እርምጃ ብቻ ይይዝ ነበር፤ በ2007 እትሙ 100 ሆነ። ሊብሬኦፊስም ሲጫን 100 እርምጃ ላይ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ወርድም ከዚህ አያንስም። ዛሬ ላይ በቁጥር ማወዳደር ብዙም አይረባም። ማንም ሰው ኮንትሮል ዜድን መቶ ጊዜ እየጫነ የሚፈልገውን አያገኝም።

አንድ እርምጃ ሲባል ምን ያህል ነው?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ወርድ ላይ ሳታቋርጡ አንድ አንቀጽ ጻፉ። መሃል ላይ አትሰርዙ፣ ጠቋሚውንም አታንቀሳቅሱ። ከዚያ አንድ ጊዜ ኮንትሮል ዜድ ተጫኑ። አንቀጹ በሙሉ ሊሄድ ይችላል። እናንተ ማጥፋት የፈለጋችሁት የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ብቻ ሊሆን ይችላል። ቪምም ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም፤ መጻፍ ከጀመራችሁበት፣ ቁልፎቹ ፊደል ሳይሆን ትእዛዝ ወደሚሆኑበት ሁኔታ እስክትመለሱ ያለውን ሁሉ አንድ እርምጃ ያደርገዋል። ኢማክስ ተከታታይ ፊደሎችን የሚያቧድነው እስከ 20 ድረስ ብቻ ነው። ጉግል ዶክስም ከወርድ ያነሰ ቁራጭ ነው የሚወስደው።

እኔ የኢማክስና የጉግል ዶክስን መንገድ እመርጣለሁ። አንድ እርምጃ ከአንድ ቃል እስከ አንድ ሐረግ ቢሆን ይበቃል። ጸሐፊው ትንሽ ቆም ሲል፣ ወይም አራት ነጥብ ሲመታ፣ አዲስ እርምጃ ቢጀምር ጥሩ ነው። ከዚያ የበለጠ ሲሆን ሰው ቁልፉን መጫን ይፈራል።

በአንድ ትእዛዝ የተሠራ ሥራ ግን የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን በአንድ መመለስ አለበት። በሰነዱ ሙሉ «ሀገር» የሚለውን «አገር» በሚለው ቀይሩ እንበል። ሦስት መቶ ቦታ ተቀየረ። ከዚያ ሐሳባችሁን ለወጣችሁ። ኮንትሮል ዜድን ሦስት መቶ ጊዜ መጫን የለባችሁም። ወርድ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፤ ሁሉንም ተካ ያላችሁትን በአንድ እርምጃ ይመልሰዋል።

ፕሮግራሙ በራሱ ፈቃድ የሚያደርገው ነገር ደግሞ ለብቻው መቆጠር አለበት። መስመር መጀመሪያ ላይ «1.» ብላችሁ ክፍት ቦታ ስትመቱ ወርድ ሳትጠይቁት ዝርዝር ይጀምርላችኋል። ብዙ ሰው እዚያ ጋ ይበሳጭና መስመሩን በሙሉ አጥፍቶ እንደገና ይጽፋል። አያስፈልግም። ወዲያው ኮንትሮል ዜድ ብትሉ የሚቀለበሰው የወርድ ጣልቃ ገብነት ብቻ ነው። «1.» ብላችሁ የጻፋችሁት እንዳለ ይቆያል። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ ሌሎቹም ሊከተሉት ይገባል።

ፊደላችን ላይ ሲደርስ

አማርኛ የሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት አለበት። ስለ ቀልብስ የሚጽፉ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ነው ብለው ያስባሉ። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም።

«ሰላም» ብለን እንጻፍ። በድምፅ የሚሠሩት ብዙዎቹ ኪቦርዶች ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ሳድሱ ነው፣ «ስ»። አናባቢውን ስንጨምር «ስ» ይጠፋና በቦታው «ሰ» ይገባል። ቀጥሎ «ል» ይመጣል። እሱም ይጠፋና «ላ» ይሆናል። በመጨረሻ «ም»። እኛ ያየነው ሦስት ፊደል ነው። ፕሮግራሙ ግን አምስት ቁልፍ ተቀብሏል፣ በመሃሉም ሁለት ጊዜ ስረዛ አይቷል።

እያንዳንዷን ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም ላይ ኮንትሮል ዜድ ስንጫን «ሰላም» መጀመሪያ «ሰላ» ይሆናል፣ ከዚያ «ሰል»፣ ከዚያ «ሰ»፣ ከዚያ «ስ»። ማንም ያልጻፋቸው ነገሮች ስክሪኑ ላይ ይታያሉ። እርምጃውም በከንቱ ይባክናል፤ 100 የተባለው ታሪክ በጥቂት ቃላት ያልቃል። ከዚህ የሚያሳስበው ደግሞ ሌላ ነው። ቅልበሳው መሃል ላይ ቆሞ ፊደሉ በሳድስ ሊቀር ይችላል። ረጅም ጽሑፍ ውስጥ «ሰላ» የነበረው «ሰል» ሆኖ ቢቀር ማን ያየዋል? የአማርኛ የፊደል ማረሚያ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ትክክለኛው ባሕርይ ግልጽ ነው። ፊደሉ ተሠርቶ እስኪያልቅ ያለው ሂደት በቀልብስ ታሪክ ውስጥ መግባት የለበትም። ቢያንስ አንድ ፊደል በአንድ መሄድ አለበት፤ ቃል በቃል ቢሄድ ደግሞ የበለጠ ይመረጣል። ይህ በፕሮግራሙም በኪቦርዱም ስለሚወሰን አንዱ ጋ ጥሩ የሆነው ሌላው ጋ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ በሌላ ሰው ምስክርነት አትመኑ። በራሳችሁ ኮምፒውተር፣ በራሳችሁ ኪቦርድ ሞክሩት።

የቀለበስነው የት ይሄዳል?

ሰው በብዛት ጽሑፍ የሚያጣው እዚህ ጋ ነው።

ከሦስት አንቀጽ በፊት አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ሰርዛችኋል እንበል። አሁን ፈለጋችሁት። ኮንትሮል ዜድ፣ ኮንትሮል ዜድ፣ ኮንትሮል ዜድ። ዓረፍተ ነገሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የጻፋችኋቸው ሦስት አንቀጾች ግን አሁን ስክሪኑ ላይ የሉም። ችግር የለውም፣ ኮንትሮል ዋይ እያልን እንመልሳቸዋለን ትላላችሁ። በዚህ መሃል እጃችሁ ክፍት ቦታውን ቢነካስ? አለቀ። ወርድ፣ ሊብሬኦፊስ እና ጉግል ዶክስ አዲስ ነገር ሲጻፍ ወደፊት የነበረውን ታሪክ ይጥሉታል። ሦስቱ አንቀጾች በኮንትሮል ዋይ አይመለሱም።

ይህ አሠራር እንደ ሹራብ ክር ነው፤ መሃል ያለውን ለማግኘት ከላይ ያለውን ሁሉ መተርተር ግድ ይላል። ወርድ ከቀልብስ ምልክቱ አጠገብ ያለችውን ቀስት ስትጫኑ የሠራችሁትን በዝርዝር ያሳያችኋል። ግን ከዝርዝሩ አምስተኛውን ብቻ ነጥላችሁ መውሰድ አትችሉም። አምስተኛውን ስትመርጡ ከላዩ ያሉት አራቱም አብረው ይቀለበሳሉ።

ኢማክስ ሌላ መንገድ መርጧል። ቅልበሳውን ራሱን እንደ አንድ ሥራ ይመዘግበዋል። ስለዚህ የቀለበሳችሁት አይጠፋም፤ ቅልበሳውን መልሳችሁ ትቀለብሳላችሁ። መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፣ እውነት ነው። እንደ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ወደፊት ብቻ የሚመልስ ትእዛዝ አብሮት መምጣት የጀመረው በ2022 በወጣው 28ኛው እትም ነው። ሌላም የምወድለት ነገር አለ። አንድ አንቀጽ መርጣችሁ ቀልብስ ስትሉት የዚያን አንቀጽ ለውጥ ብቻ ይመልሳል። የቀረውን ሰነድ አይነካም። ይህን ሁሉም የመጻፊያ ፕሮግራሞች ቢያደርጉት ደስ ይለኛል።

ቪም በ2006 በወጣው 7.0 እትሙ ታሪኩን ወደ ዛፍ ለወጠው። ቀልብሳችሁ አዲስ ነገር ብትጽፉ አሮጌው አይጣልም፤ ሌላ ቅርንጫፍ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚህም በላይ በሰዓት መመለስ ይቻላል። ከአሥር ደቂቃ በፊት የነበረውን አምጣ ብላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። ሰው ስንት ጊዜ ቁልፍ እንደተጫነ አያስታውስም። «ከምሳ በፊት ደህና ነበር» ግን ይላል። ቀልብስ በእርምጃ ብቻ ሳይሆን በሰዓትም ቢሠራ ለሰው አእምሮ የቀረበ ነው።

ታዲያ ሁላችንም ወደ ቪም እንሂድ ወይ? አማርኛ ለሚጽፍ ሰው አልመክርም። የቪም ትእዛዞች የላቲን ፊደሎች ናቸው። የኮምፒውተሩ ኪቦርድ አማርኛ ላይ እያለ የቀልብስ ትእዛዙን ብትጫኑ ፊደላችን ይመጣል እንጂ ትእዛዙ አይሠራም። በየደቂቃው ኪቦርድ መቀያየር ሥራ ይሆናል። ኢማክስ እዚህ ላይ ይሻላል፤ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ አብሮት ይመጣል፣ ትእዛዞቹም ኮንትሮልን ስለሚጠቀሙ በፊደሉ አይደናቀፉም። ቢሆንም ለመማር ጊዜ ይወስዳል። ገጹ እንደሚታተመው ሆኖ እንዲታያቸው ለሚፈልጉ ሰዎችም አይደለም።

ወርድ ወይም ሊብሬኦፊስ ላይ ለምትቆዩ ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው፣ ወደኋላ ተመልሳችሁ የፈለጋችሁትን ስታገኙ ምንም አትጻፉ። ምረጡና ኮንትሮል ሲ ብቻ ተጫኑ። መቅዳት ሰነዱን ስለማይለውጥ ታሪኩን አይሰብርም። ከዚያ በኮንትሮል ዋይ እስከ መጨረሻው ወደፊት ሂዱ፤ ካበቃችሁ በኋላ የቀዳችሁትን ለጥፉ። ሁለተኛው፣ ለውጥ መከታተያውን (ትራክ ቼንጅስ የሚለውን) አብሩ። ለውጦቹ በቀለም ተለይተው ይቀመጣሉ። ከሳምንት በኋላም ቢሆን የፈለጋችሁትን አንዱን ለይታችሁ መሰረዝ ትችላላችሁ፣ ቅደም ተከተል ሳትጠብቁ። ኮንትሮል ዜድ የማይሰጣችሁን የመምረጥ ነፃነት የሚሰጣችሁ እሱ ነው። አርታኢ ላለው ሥራ ሁሉ ግዴታ ቢሆን አይከፋኝም።

አብሮ ሲጻፍ የማን ሥራ ይቀለበሳል?

አንድ ሰነድ ላይ ሦስት ሰው እየጻፈ ነው። እናንተ ኮንትሮል ዜድ ተጫናችሁ። የሰነዱ የመጨረሻ ለውጥ ግን የባልደረባችሁ ነው። የማን ይሰረዝ?

ጉግል ዶክስ የእናንተን ብቻ ነው የሚቀለብሰው። ሌላ ምርጫም ሊኖር አይገባም። የሌላውን የሚያጠፋ ቢሆን ሰው እየጻፈ ዓይኑ ሥር ቃሉ ይጠፋበታል። ችግሩ ሁለት ሰው አንድ ቦታ ሲነካ ነው። እናንተ አንድን ቃል አደመቃችሁ፣ ባልደረባችሁ ቃሉን ሰረዘው። አሁን ማድመቁን ብትቀለብሱ የሚነካ ነገር የለም። ቁልፉ ያልሠራ ይመስላል። ፕሮግራሙ በዚህ ጊዜ «ይህ ቦታ በሌላ ሰው ተቀይሯል» ብሎ ቢናገር ስንት ግራ መጋባት ይቀር ነበር።

የዚህ አሠራር ሌላው ጎን፣ ባልደረባችሁ በስሕተት ያጠፋውን እናንተ በኮንትሮል ዜድ መመለስ አለመቻላችሁ ነው። ለዚያ ያለው የእትሞች ታሪክ ነው። ጉግል ዶክስ ማን ምን እንደቀየረ በየሰዓቱ በቀለም ያሳያል። እዚህ ላይ ብዙ ቡድን የሚሠራው ጥፋት አለ። አንድ አንቀጽ ለማዳን ሰነዱን በሙሉ ወደ አሮጌው እትም ይመልሱታል። የሌሎቹ የግማሽ ቀን ሥራም ከፊታቸው ይሰወራል። አሮጌውን እትም ክፈቱ፣ አንቀጹን ብቻ ቅዱ፣ ወደ አሁኑ ተመልሳችሁ ለጥፉ። ይበቃል።

ምስጢር ያለው ሰነድ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። የማረም ፈቃድ የሰጣችሁት ሰው የእትሞቹን ታሪክም ማየት ይችላል። ጽፋችሁ ያጠፋችሁት የደመወዝ ቁጥር ወይም የሰው ስም እዚያ አለ። ለውጭ ሰው ስትልኩ ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን ላኩ፤ ኮፒው የድሮውን ታሪክ ይዞ አይሄድም።

(በነገራችን ላይ ኤክሴል ላይ ሁለት ፋይል ከፍቶ የሚሠራ ሰው ይጠንቀቅ። የቀልብስ ታሪኩ ለተከፈቱት ፋይሎች የጋራ ነው። የዚህኛውን ስትቀለብሱ የዚያኛው ሊነካ ይችላል። ወርድ ግን ለእያንዳንዱ ሰነድ የራሱን ታሪክ ይይዛል፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።)

ፋይሉ ሲዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ

ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ለሚጽፍ ሰው ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል። ወርድ እና ሊብሬኦፊስ የቀልብስ ታሪካቸውን የሚይዙት ፋይሉ ክፍት እስከሆነ ድረስ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ጽሑፉን ራሱን በራስ ሰር ማገገሚያው ልታገኙት ትችላላችሁ። ታሪኩ ግን የለም፤ ወደኋላ የምትመለሱበት መንገድ ተቆርጧል። ጉግል ዶክስም ገጹን እንደገና ስትከፍቱት ኮንትሮል ዜድ ባዶ ነው። እሱ ግን የእትሞች ታሪክ ስላለው ይካሳል። ቪም ከ2010ሩ 7.3 እትም ጀምሮ፣ ከፈቀዳችሁለት፣ ታሪኩን ፋይል ላይ ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ በነጋታው ብትመጡ የትናንቱን መቀልበስ ትችላላችሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ አሮጌ ልማድ አለን። ሰነዱ ሲበላሽብን «ሳላስቀምጥ ልዝጋው» እንላለን። ለብዙ ዓመት ትልቁ ቀልብስ እሱ ነበር። ጉግል ዶክስ ላይ፣ ወርድም ሰነዱ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ላይ ሆኖ አውቶሴቭ ሲበራ፣ ይህ አይሠራም። ብልሽቱ በየሰከንዱ እየተቀመጠ ነው። ስለዚህ ትልቅ ለውጥ ከመጀመራችሁ በፊት ጉግል ዶክስ ላይ የአሁኑን እትም ስም ስጡት፣ ለምሳሌ «ከአማካሪው እርማት በፊት»። ወርድ ላይ ኮፒውን በሌላ ስም አስቀምጡ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስልክ ላይ ነገሩ አጭር ነው። የጉግል ዶክስ እና የወርድ መተግበሪያዎች የቀልብስ ቀስት አላቸው። አይፎን ላይ ስልኩን መነቅነቅ ወይም፣ ከ2019 ወዲህ፣ በሦስት ጣት ወደ ግራ መጥረግ ይሠራል። ብዙ የመልእክት መተግበሪያዎች ላይ ግን የቀልብስ ቁልፍ አይታይም። ረጅም ጽሑፍ እዚያ አትጻፉ።

እንግዲህ ማን የቱን ይያዝ?

ብቻውን የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ወርድን ወይም ሊብሬኦፊስን ይያዝ። ሊብሬኦፊስ ነፃ ነው፤ በቀልብስ ጉዳይ ከወርድ ያን ያህል አይርቅም። በየቀኑ ማታ ኮፒውን ቀን በስሙ ላይ ጽፎ ያስቀምጥ፤ እርማት ሲጀመር ለውጥ መከታተያውን ያብራ። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ሰው፣ ኢንተርኔቱ ደህና ከሆነ፣ ጉግል ዶክስን ያስቀድም። ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው የሚጽፉም ያለ ጥርጥር እሱን። ኢንተርኔት በሌለበት ብዙ የሚሠራና ጽሑፍ ብቻ የሚጽፍ፣ ለመማርም ትዕግሥት ያለው ሰው ኢማክስን ቢሞክር አይቆጭም። በእኔ ሚዛን ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉም የተሻለው ቀልብስ ያለው እሱ ጋ ነው። ቪምን ለፕሮግራመሮች እተወዋለሁ።

ከመወሰናችሁ በፊት ባዶ ሰነድ ከፍታችሁ ፈትኑት። ኪቦርዱን አማርኛ ላይ አድርጉና ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ኪቦርዱን ሳትቀይሩ ኮንትሮል ዜድ ተጫኑ፤ ጭራሽ ይሠራል ወይ? ከሠራ በቃል ነው የሚሄደው፣ በፊደል፣ ወይስ ሳድስ እያስቀረ? አምስት ጊዜ ቀልብሱ፣ አንድ ፊደል ጻፉ፣ ከዚያ ኮንትሮል ዋይ ሞክሩ። ረጅም ሰነድ ከሆነ መጀመሪያው ላይ አንድ ቃል ቀይራችሁ ወደ መጨረሻው ገጽ ውረዱና ቀልብሱ፤ ስክሪኑ የተቀየረው ቦታ ድረስ ይወስዳችኋል ወይስ ሳታዩት ይቀየራል? አስቀምጣችሁ ዝጉት፣ ክፈቱት፣ እንደገና ኮንትሮል ዜድ ተጫኑ። የመጻፊያ ፕሮግራም ወይም የአማርኛ ኪቦርድ የምትሠሩ ልጆችም ከመልቀቃችሁ በፊት ይህንኑ ፈተና «ሰላም» በሚለው ቃል ጀምሩት። «ሰል» ካያችሁ ሥራው ገና አላለቀም።